ሆንግ ኮንግን የመለሰው ድርድር፦ ለንደንና ቤጂንግ የተደራደሩት በምን ላይ ነበር?

ስለ ሆንግ ኮንግ ሲወራ ብዙ ሰው የሚያነሳት አንዲት ጥያቄ አለች። ከዚያ ግዛት ከፊሉ ለብሪታንያ ለዘለዓለም የተሰጠ ነበር፤ ከፊሉን ደግሞ ለ99 ዓመት ተከራይታዋለች። የኪራዩ ዘመን በ1997 ሲያበቃ የተከራየችውን መመለሷ ይሁን፤ ለዘለዓለም የተሰጣትን ግን ለምን አብራ አስረከበች? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄዋ ተገቢ ናት፤ መልሷን የያዘ ሰው ከ1982 እስከ 1984 የተካሄደውን ድርድር ግማሽ ያህል ተረድቶታል። የሆንግ ኮንግ ባለቤት ማን ይሁን የሚለው ጉዳይ ከሞላ ጎደል ሳይደራደሩበት ያለቀ ጉዳይ ነበር። ሁለቱ መንግሥታት ሃያ ሁለት ዙር የተቀመጡት፣ ከተማዋ ከተመለሰች በኋላ በማን ሕግ ትዳኛለች፣ በየትኛው ገንዘብ ትገበያያለች፣ ግብሯን ለማን ትከፍላለች በሚሉት ላይ ነው። ሦስተኛው ባለጉዳይ፣ ማለትም በከተማዋ የሚኖረው ከአምስት ሚሊዮን በላይ ሕዝብ፣ ወንበር አልተሰጠውም።

ሦስቱ ውሎች

የመጀመሪያው የናንጂንግ ውል ነው። ቻይና በመጀመሪያው የኦፒየም ጦርነት ተሸንፋ በ1842 የሆንግ ኮንግን ደሴት ለብሪታንያ ዘውድ አሳልፋ ሰጠች። ከሁለተኛው የኦፒየም ጦርነት በኋላ በ1860 በተፈረመው የቤጂንግ ስምምነት ደግሞ ከደሴቲቱ ፊት ለፊት ያለው የካውሉን ባሕረ ገብ መሬት ጫፍ ተጨመረ። ሁለቱም በመድፍ አፈሙዝ የተገኙ ቢሆኑም በወረቀት ላይ የጊዜ ገደብ የላቸውም።

ሦስተኛው ውል ከእነዚህ ይለያል። በ1898 ብሪታንያ ከካውሉን በስተሰሜን እስከ ሼንዠን ወንዝ ድረስ ያለውን መሬትና በዙሪያው ያሉትን በርካታ ደሴቶች ለ99 ዓመት ተከራየች። ኪራይ ይባል እንጂ የተከፈለበት ገንዘብ የለም። ይህ ክፍል «አዲሶቹ ግዛቶች» የሚል ስም ተሰጠው። ዘመኑ ከጁላይ 1 ቀን 1898 ተነሥቶ ጁን 30 ቀን 1997 ላይ ያበቃል። ውሉን ለፈረሙት ሰዎች 99 ዓመት ከዘለዓለም ብዙም የሚለይ አልነበረም፤ ሂሳቡን የሚያወራርደው የልጅ ልጆቻቸው ትውልድ ነበርና።

ከ1949 በኋላ ሥልጣን የያዘው የቤጂንግ መንግሥት ሦስቱንም ውሎች አንድ ላይ አጣምሮ ነው የጣላቸው። በጦር ኃይል የተጫኑ፣ ፍትሐዊ ያልሆኑ ውሎች ናቸው፤ ስለዚህ «የተሰጠ» እና «የተከራየ» የሚል ልዩነት የለም፤ ሁሉም የቻይና መሬት ነው አለ። ይሁን እንጂ ለማስመለስ አልቸኮለም። ሆንግ ኮንግ የውጭ ምንዛሪ የምታስገኝ በር ስለነበረች ጊዜው እስኪደርስ ባለችበት እንድትቆይ መረጠ።

አንድ እርምጃ ግን በጊዜ ወሰደ። ቻይና በ1971 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መቀመጫዋን እንዳገኘች፣ በተከታዩ ዓመት ሆንግ ኮንግና በፖርቱጋል እጅ የነበረችው ማካው ከቅኝ ግዛቶች ዝርዝር እንዲሰረዙ ጠየቀች፤ ጠቅላላ ጉባኤውም ተቀበላት። ነገሩ የቢሮክራሲ ጉዳይ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ከባድ ነው። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ያለ ግዛት ሕዝብ የራሱን ዕድል በራሱ የመወሰን፣ ከፈለገም ነጻ አገር የመሆን መብት አለው ተብሎ ይታሰባል። ከዝርዝሩ የወጣ ግዛት የሁለት መንግሥታት የድንበር ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። ድርድሩ ከመጀመሩ አሥር ዓመት አስቀድሞ ነጻነት የሚባለው አማራጭ ከጠረጴዛው ተነሥቷል ማለት ነው።

ካርታው ምን ይላል?

አሁን ወደ መጀመሪያዋ ጥያቄ እንመለስ። አዲሶቹ ግዛቶች ከሆንግ ኮንግ የቆዳ ስፋት 92 በመቶ ያህሉን ይይዛሉ። ለዘለዓለም የተሰጠው 8 በመቶው ብቻ ነው። በዚያ ላይ ከተማዋ በየዓመቱ እያደገች ድንበሩን ውጣዋለች። በ1860 የተሰጠው የካውሉን ጫፍ በስተሰሜን የሚያበቃው «የወሰን ጎዳና» በተባለ መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ዛሬም አለ፤ ግራና ቀኙ ሱቅና መኖሪያ የታጨቀበት ተራ የከተማ ጎዳና ነው። በደቡብ በኩል ያለው ሕንፃ ለዘለዓለም በተሰጠ መሬት ላይ የቆመ ሲሆን በሰሜን በኩል ያለው በኪራይ መሬት ላይ ነው። መንገዱን የሚሻገር እግረኛ ልዩነቱን የሚያውቅበት አንዳች ምልክት የለም።

የካይ ታክ አውሮፕላን ማረፊያ ከዚያ መንገድ በስተሰሜን ነበር። የኳይ ቹንግ የኮንቴይነር ወደብም እንዲሁ። መንግሥት ለሕዝቡ መኖሪያ ብሎ የገነባቸው አዳዲስ ከተሞች፣ ሻ ቲንን የመሳሰሉት፣ ሁሉም ያሉት በኪራዩ መሬት ላይ ነው። የመጠጥ ውኃው ደግሞ ከዚያም አልፎ ይመጣል፤ ከ1965 ጀምሮ ከቻይና ምድር ከዶንግጂያንግ ወንዝ በቧንቧ ይገባ ነበር። ብሪታንያ 92 በመቶውን መልሳ ደሴቲቱንና የካውሉንን ጫፍ ይዤ እቀራለሁ ብትል የሚተርፋት አውሮፕላን ማረፊያም ወደብም በቂ ውኃም የሌላት ከተማ ናት። በጦር ኃይል ልትይዘው ብታስብ እንኳ በዲሴምበር 1941 የጃፓን ጦር ያንን ግዛት በ18 ቀን እንደወሰደው የሚረሳ የብሪታንያ ጄኔራል አልነበረም።

ስለዚህ «ለዘለዓለም» የሚለው ቃል በሕግ ዋጋ ቢኖረውም በመሬት ላይ ዋጋ አጥቶ ነበር። ለንደን ይህን የሕግ ክርክር ይዛ ወደ ቤጂንግ የሄደችው ዋጋ ያወጣልኛል ብላ ነው።

የባንክ ብድር የቀሰቀሰው ጉዳይ

ጉዳዩን መጀመሪያ የቆሰቆሰው የመሬት ሊዝና የባንክ ብድር ነው። በሆንግ ኮንግ መሬት በሊዝ ነው የሚያዘው። በአዲሶቹ ግዛቶች መንግሥት የሚሰጠው ሊዝ ሁሉ የ1898ቱ ኪራይ ከማብቃቱ ሦስት ቀን አስቀድሞ እንዲያበቃ ተደርጎ የተጻፈ ነበር። መንግሥት ራሱ የሌለውን ዘመን ለሌላ ሊሰጥ አይችልምና። በ1950 ይህ ማንንም አላስጨነቀም። በ1980 ደጃፍ ላይ ግን ስሌቱ ተለወጠ። ባንክ የ15 ወይም የ20 ዓመት የቤት ብድር ሲሰጥ መያዣው ቤቱ የቆመበት መሬት ነው፤ መሬቱ በ1997 የማን እንደሚሆን ካልታወቀ መያዣው ምን ዋጋ አለው?

በማርች 1979 የሆንግ ኮንግ ብሪታንያዊ ገዥ መሬይ ማክሊሆስ ወደ ቤጂንግ ሄዱ። ከ1949 ወዲህ አንድ የሆንግ ኮንግ ገዥ ይህን የመሰለ ይፋዊ ጉብኝት ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር። ይዘውት የሄዱት ሐሳብ ብልሃት ያለበት ነው። ስለ ሉዓላዊነት አንዲት ቃል ሳያነሱ፣ በግለሰቦች ሊዝ ላይ 1997 የሚለው የመጨረሻ ቀን ብቻ ይሰረዝ፤ ብሪታንያ እስካለች ድረስ ሊዙም ይቀጥል የሚል ነበር። የቻይናው መሪ ዴንግ ዢያዎፒንግ ግን ብልሃቱ አልጠፋቸውም። ሆንግ ኮንግ የቻይና አካል ናት አሉ፤ የሊዙን ሐሳብ አልተቀበሉም። ሆኖም ከተማዋ የካፒታሊዝም ሥርዓቷን ይዛ ልትቀጥል እንደምትችል ጠቅሰው፣ ባለሀብቶች ልባቸውን ያሳርፉ የሚል መልእክት ላኩ። ማክሊሆስ ሲመለሱ ለሕዝብ የነገሩት የመልእክቱን ሁለተኛ ግማሽ ነው። የመጀመሪያውን ለራሳቸው ያዙት።

ገዥው ባይጠይቁ ኖሮ ቻይና ቀኑን ዝም ብላ ታሳልፈው ነበር የሚሉ ተከራካሪዎች እስከ ዛሬ አሉ። እኔን አያሳምነኝም። እሳቸው ዝም ቢሉም የሚቀጥለው የቤት ብድር ዝም አይልም ነበር።

የሴፕቴምበር 1982 ግጥሚያ

የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸር ቤጂንግ የገቡት በፎክላንድ ደሴቶች ከአርጀንቲና ጋር የተደረገውን ጦርነት ካሸነፉ ከሦስት ወር በኋላ ነው። አቋማቸው የጠበቃ አቋም ነበር፦ ውሎቹ በዓለም አቀፍ ሕግ የጸኑ ናቸው፤ ሊለወጡ የሚችሉት በሁለቱ ወገኖች ስምምነት ብቻ ነው። በልባቸው የያዙት ልውውጥ ደግሞ ሉዓላዊነቱን ለቻይና እንስጥ፣ በምትኩ ብሪታንያ ማስተዳደሯን ትቀጥል የሚል ነው። ባንዲራው ይቀየር፣ ቢሮው ይቆይ እንደማለት።

ዴንግ ይህን ከሥሩ ነቀሉት። አስተዳደር የሌለበት ሉዓላዊነት ለእሳቸው ባዶ ቃል ነበር። በ1997 ሆንግ ኮንግን ካላስመለስን እኛም እንደ መጨረሻዎቹ የቺንግ ሥርወ መንግሥት ባለሥልጣናት አገር ሻጮች ሆነን እንቀራለን አሉ። ታቸር ኋላ እንዳወሱት፣ ዴንግ ከፈለግን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ገብተን ልንይዛት እንችላለን እስከማለት ደርሰዋል፤ እሳቸውም ላስቆማችሁ አልችልም፣ ግን የሆንግ ኮንግ ውድቀት ይሆናል ብለው መለሱ። ታቸር ከሕዝብ ታላቁ አዳራሽ ሲወጡ ደረጃው ላይ ተደናቅፈው ወደቁ። ካሜራ ይቀርጽ ስለነበር ሥዕሉ በሆንግ ኮንግ ቴሌቪዥን ታየ፤ መጥፎ ምልክት አድርጎ ያየውም ብዙ ነው።

ከቁጣውና ከመውደቁ ይልቅ ከዚያ ስብሰባ የዘለቀው ግን ዴንግ ያስቀመጡት ቀነ ገደብ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ካልተስማማን ቻይና ውሳኔዋን ብቻዋን ታውጃለች አሉ። ይህ ድርድሩን በሙሉ ቀረጸው። ጊዜ የሚያልፍባት ለንደን ሆነች። ቤጂንግ ምንም ሳትፈርም ብትቀር እንኳ በ1997 ኪራዩ በራሱ ያበቃል፤ ለንደን ሳትፈርም ብትቀር ግን ለሕዝቡ የምታስተርፈው አንዲት ወረቀት የለም።

ሳይሰጡ መስጠት

ከስብሰባው በኋላ ነገሩ ለወራት ቆመ። ቤጂንግ ሉዓላዊነቱን አስቀድማችሁ ካላመናችሁ ዝርዝር ውስጥ አንገባም አለች። ለንደን ደግሞ ያላትን ብቸኛ ካርድ በመጀመሪያው ቀን መጣል አልፈለገችም። መውጫውን ያበጁት በቤጂንግ የብሪታንያ አምባሳደር ፐርሲ ክራዶክ ናቸው። በማርች 1983 ታቸር ለቻይናው ጠቅላይ ሚኒስትር ዣዎ ዚያንግ ደብዳቤ ጻፉ። ሐሳቡ፣ ለሆንግ ኮንግ ሕዝብ ተቀባይነት ያለው ዝግጅት ከተደረሰ፣ ሉዓላዊነቱ እንዲተላለፍ ለፓርላማ ሐሳብ ለማቅረብ ዝግጁ ነኝ የሚል ነው። አጻጻፉን ልብ ይበሉ። አሳልፌ እሰጣለሁ አላሉም፤ ፓርላማው ይቀበላል ብለውም ቃል አልገቡም። ቤጂንግ ግን ልትሰማ የፈለገችውን ሰማች። መደበኛው ድርድር ጁላይ 12 ቀን 1983 ተጀመረ።

ወዲያው የወንበር ጥያቄ ተነሣ። የሆንግ ኮንግ ገዥ ኤድዋርድ ዩድ የሆንግ ኮንግን ሕዝብ ወክዬ እሄዳለሁ ሲሉ፣ የቻይና ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እሳቸው የብሪታንያ ልዑካን ቡድን አባል እንጂ የማንም ሌላ ተወካይ አይደሉም ሲል መለሰ። ቤጂንግ «ሦስት እግር ያለው በርጩማ» የሚባለውን አሠራር አትቀበልም ነበር። ሆንግ ኮንግ የቻይና ከሆነች ሕዝቧን የምትወክለው ቻይና ናት፤ እዚህ ሁለት እግር ብቻ ነው ያለው። ለንደንም በዚህ ነጥብ እስከ መጨረሻው አልተሟገተችም።

የዚህ ዋጋ በሴፕቴምበር ገበያ ላይ ታየ። ድርድሩ በምሥጢር ነው፤ ከስብሰባ በኋላ የሚወጣው አጭር መግለጫ ውይይቱ «ጠቃሚና ገንቢ» ነበር ይላል። አንድ ቀን «ገንቢ» የሚለው ቃል ከቀረ ሰው ይደነግጣል። በሴፕቴምበር 24 ቀን 1983፣ «ጥቁር ቅዳሜ» በተባለው ቀን፣ የሆንግ ኮንግ ዶላር ወድቆ አንድ የአሜሪካን ዶላር ለመግዛት 9.60 ያህል ያስፈልግ ነበር። ሰው ሩዝና ዘይት ለማከማቸት ወደ መደብሮች ጎረፈ። ቤጂንግ ለንደን ሆን ብላ በኢኮኖሚው እያስፈራራችን ነው ብላ ከሰሰች። ኦክቶበር 17 የቅኝ ግዛቱ መንግሥት ገንዘቡን 7.80 በሚል ዋጋ ከአሜሪካን ዶላር ጋር አሰረው። ያ ትስስር እስከ ዛሬ አልተፈታም። የአንድ የዲፕሎማሲ ድርድር ድንጋጤ ለከተማዋ የገንዘብ ሥርዓት ትቶ ሄደ ማለት ነው።

ከድንጋጤው በኋላ ብሪታንያ ሁለተኛውን ምሽግ ለቀቀች። ማስተዳደሩንም መተው ነበረባት። መጀመሪያ በምሥጢር፣ ከዚያ በኤፕሪል 1984 በሕዝብ ፊት፤ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጄፍሪ ሃው ሆንግ ኮንግ ድረስ ሄደው ከ1997 በኋላ የብሪታንያ አስተዳደር እንደማይቀጥል ተናገሩ። ከሳምንታት በፊት በቅኝ ግዛቱ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስም ያለው የጃርዲን ማቴሰን ኩባንያ መዝገቡን ወደ ቤርሙዳ እንደሚያዛውር አስታውቆ ነበር፤ ነጋዴው ከሚኒስትሩ ቀድሞ ሰምቷል።

ብሪታንያ ያተረፈችው

እዚህ ላይ ነው ለንደን በዝርዝር መከራከርን ዋነኛ መሣሪያዋ ያደረገችው። ባለቤትነቱንም አስተዳደሩንም ካጣን ቢያንስ የከተማዋን አኗኗር አንድ በአንድ በወረቀት እናስፍር አሉ። ቤጂንግ ያዘጋጀችው ጥቂት መርሆዎችን የያዘ አጭር ጽሑፍ ነበር፤ «አንድ አገር ሁለት ሥርዓት» የሚለው ሐሳብ መጀመሪያ ለታይዋን የታሰበ ሲሆን ለሆንግ ኮንግ ተዘረጋ። ብሪታንያውያኑ በእያንዳንዱ መርህ ሥር ጥያቄ ደረደሩበት፦ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የት ይሆናል? የአውሮፕላን በረራ ፈቃድ ማን ይሰጣል? የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ ማን ይከፍላል? በወራት ሥራ ጥቂቱ ገጽ ስምንት አንቀጽና ሦስት አባሪ ወዳለው ሰነድ አደገ፤ «የጋራ መግለጫ» የተባለው ይኸው ነው።

ሰነዱ ከተማዋ ለ50 ዓመት፣ እስከ 2047፣ የኖረችበትን የኮመን ሎው ሕግ፣ ማለትም በቀደሙ የፍርድ ቤት ውሳኔዎች ላይ የሚመሠረተውን የእንግሊዝ የሕግ ሥርዓት፣ ይዛ እንድትቆይ፣ የመጨረሻው ይግባኝ እዚያው ሆንግ ኮንግ እንዲታይ፣ ከሌሎች የኮመን ሎው አገሮች ዳኞች እንዲጋበዙ ይፈቅዳል። የራሷ ገንዘብ፣ የራሷ የጉምሩክ ክልል ይኖራታል። ቤጂንግ ከከተማዋ ግብር አትሰበስብም።

ከሁሉ ይልቅ የሁለቱን ወገኖች ጥርጣሬ የሚያሳየው ግን ስለ መሬት ሊዝ የሚናገረው ሦስተኛው አባሪ ነው። የቻይና ፍርሃት ግልጽ ነበር፦ የሚሄድ ገዥ ያለውን መሬት ሁሉ ሸጦ ገንዘቡን ጨርሶ ባዶ ካዝና ቢያስረክበንስ? ስለዚህ የቅኝ ግዛቱ መንግሥት እስከ 1997 ድረስ በዓመት ከ50 ሄክታር በላይ አዲስ መሬት እንዳይሰጥ ተወሰነ። ከሽያጩ የሚገኘው ገቢ ወጪው ከተቀነሰ በኋላ እኩል ይከፈላል፤ ግማሹ ለብሪታንያው አስተዳደር፣ ግማሹ ገና ላልተወለደው ወራሽ መንግሥት ተቀማጭ። ከሁለቱም ወገን እኩል ሰዎች ያሉበት የመሬት ኮሚሽን ይህን ይከታተላል፤ ገደቡንም በስምምነት ሊለውጥ ይችላል፣ ለውጧልም። የ1979ኙ የሊዝ ጥያቄም እዚሁ ተፈታ፤ ሊዞቹ እስከ 2047 እንዲራዘሙ ተፈቀደ።

የጦር ሠራዊቱ ጉዳይ በጥቂት ቀን አለቀ። በሜይ 1984 ከቤጂንግ ባለሥልጣናት አንዱ ቻይና በሆንግ ኮንግ ወታደር ላታሰፍር ትችላለች የሚል ነገር ተናግሮ ነበር። ዴንግ በጋዜጠኞች ፊት የማይረባ ወሬ ነው ብለው ቆረጡት። የብሪታንያ ተደራዳሪዎች ከዚያ በኋላ ሊያገኙ የቻሉት ሠራዊቱ በከተማዋ የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባና ወጪውን ቤጂንግ እንድትችል የሚል አንቀጽ ነው።

የበለጠ ያደከመው የጋራ ግንኙነት ቡድን የተባለው ነው። ቤጂንግ እስከ 1997 ያለውን የሽግግር ዘመን የሚከታተል አካል ሆንግ ኮንግ ውስጥ እንዲቀመጥ ትፈልጋለች። ለንደን ይህ ከገዥው ጎን የሚቀመጥ ሁለተኛ መንግሥት ይሆናል ብላ ፈራች። በጁላይ 1984 ሃው ቤጂንግ ሄደው ነገሩን ፈቱት፦ ቡድኑ ይቋቋማል፣ ግን የሥልጣን አካል አይደለም፤ ዋና መቀመጫውን ሆንግ ኮንግ የሚያደርገው ከ1988 ጀምሮ ነው፤ በምትኩም ከርክክቡ በኋላ እስከ 2000 መግቢያ ድረስ ይቆያል። አንዱ ቀድሞ እንዳይገባ፣ ሌላው ቀድሞ እንዳይወጣ ሆኖ ተከፋፈለ።

ሰነዱ የሉዓላዊነቱን ክርክር የሸፈነበት መንገድም ለዲፕሎማሲ ተማሪ ጥሩ ትምህርት ነው። አንደኛው አንቀጽ ላይ ቻይና ብቻዋን ትናገራለች፤ ሉዓላዊነቴን መልሼ ሥራ ላይ ለማዋል ወስኛለሁ ትላለች። ሁለተኛው ላይ ብሪታንያ ብቻዋን ትናገራለች፤ ሆንግ ኮንግን ለቻይና እመልሳለሁ ትላለች። የ1842ቱ ውል ጸንቶ ነበር ወይስ አልጸናም? አንዳቸውም የሌላውን መልስ አልፈረሙም።

ያልተጠየቁት ሰዎች

በጁን 1984 ሦስት የታወቁ የሆንግ ኮንግ ሰዎች ቤጂንግ ሄዱ፤ ከመካከላቸው የገዥው አማካሪ ምክር ቤት አባል ቹንግ ሴ ዩን ነበሩ። የሕዝቡን ስጋት ለዴንግ ሊያስረዱ ነው። ዴንግ እንደ ግለሰብ እቀበላችኋለሁ እንጂ እንደ ተወካይ አልቀበላችሁም አሉ። በለንደን በኩል የጠበቃቸውም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይሻልም። ረቂቁ በሴፕቴምበር 26 ከተፈረመበት በኋላ የሕዝብ አስተያየት የሚሰበስብ ቢሮ ተከፈተ፤ ነገር ግን ከጽሑፉ አንዲት ቃል መለወጥ እንደማይቻል፣ አማራጩ ጭራሽ ስምምነት አለመኖር እንደሆነ አስቀድሞ ተነገራቸው። ቢሮውም አብዛኛው ሰው ተቀብሎታል ሲል ዘገበ።

ይህን ከፎክላንድ ጋር ማስተያየት ደስ አይልም፤ ግን ግድ ነው። በ1982 ታቸር ጦር ያዘመቱት የደሴቶቹ ነዋሪዎች ፍላጎት ይቅደም ብለው ነው። በ1983 እነዚያ ጥቂት ሺህ ሰዎች በሕግ ሙሉ የብሪታንያ ዜግነት አገኙ። በዚያው ዓመት ሥራ ላይ የዋለው የ1981ዱ የዜግነት ሕግ ግን የሆንግ ኮንግን ሰዎች በብሪታንያ የመኖር መብት የሌለው የዜግነት ዓይነት ውስጥ አስቀመጣቸው። የጋራ መግለጫው ሲፈረም ዜግነቱ በሰነዱ ውስጥ አልገባም፤ ሁለቱ መንግሥታት በየፊናቸው ማስታወሻ ተለዋወጡ። ከዚያም የመጣው ለጉዞ የሚያገለግል፣ ለመኖር ግን የማያስችል ፓስፖርት ነው።

የመንግሥት አመራረጥም በቸልታ ታለፈ። ከ1997 በኋላ ከተማዋን የሚመራውን ዋና አስተዳዳሪ «በአካባቢው በሚካሄድ ምርጫ ወይም ምክክር» መሠረት ቤጂንግ ትሾመዋለች፤ ሕግ አውጪው ምክር ቤት «በምርጫ» ይቋቋማል። ምን ዓይነት ምርጫ? ማን ይመርጣል? ማንን ይመርጣል? ስለ አውሮፕላን በረራና ስለ መርከብ ምዝገባ ዝርዝር የጻፉት ሰዎች እዚህ ላይ ብዕራቸውን አጠፉት። ባያጥፉት ኖሮ ምናልባት ፊርማ ባልተገኘ ነበር። ከ2000ዎቹ ጀምሮ የከተማዋን አደባባዮች የሞላው ክርክር ግን በአብዛኛው የሚነሣው ከዚህ ክፍተት ነው።

ታቸርና ዣዎ ዚያንግ የጋራ መግለጫውን ቤጂንግ ውስጥ ዲሴምበር 19 ቀን 1984 ፈረሙ፤ በሜይ 1985 ጸደቀ፣ በተከታዩ ወርም በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እንደ ዓለም አቀፍ ውል ተመዘገበ። ፖርቱጋልም በማካው ላይ ተመሳሳይ ሰነድ በ1987 ፈረመች፤ ያኛው ድርድር ቀላል ነበር፣ መንገዱ ተጠርጎላት ነበርና።

ውሉን ማን ያስከብራል?

ከዚያ በኋላ የሆነው በፍጥነት ይነገራል። በ1989 ቤጂንግ ውስጥ በቲያናንመን ሰልፈኞች ላይ የተፈጸመው ግድያ የሆንግ ኮንግን ሰው አስደነገጠ፤ በ1990 ቤጂንግ በመግለጫው ላይ ተመሥርታ ለሆንግ ኮንግ መተዳደሪያ የሚሆን መሠረታዊ ሕግ አወጣች፤ በ1992 የመጡት የመጨረሻው ገዥ ክሪስ ፓተን የመራጩን ቁጥር ለማስፋት ሲሞክሩ ቤጂንግ ሰነዱን ጥሰዋል ብላ ተቆጣች፤ ጁን 30 ቀን 1997 እኩለ ሌሊት ላይ ባንዲራው ወረደ። ዴንግ ዢያዎፒንግ ቀኑን ለማየት አልታደሉም፤ ከአራት ወር በፊት አርፈው ነበር።

ሰነዱን ዛሬ የሚያነብ ሰው ስምንቱን አንቀጽና ሦስቱን አባሪ ጨርሶ አንድ ነገር ያጣል። ከሁለቱ አንዱ ቃሉን ቢያጥፍ ጉዳዩ የሚታይበት ፍርድ ቤት ወይም የግልግል ዳኛ አልተጠቀሰም። ቤጂንግ የውስጥ ጉዳይዋን የውጭ ዳኛ ፊት የሚያቀርብ አንቀጽ ትፈርማለች ብሎ የጠበቀ አልነበረም፤ ለንደንም በዚህ ላይ ድርድሩን አታፈርስም። የጋራ ግንኙነት ቡድኑ በ2000 ሲበተን ሁለቱ ወገኖች በዚህ ሰነድ ስም የሚገናኙበት ጠረጴዛም አብሮ ተነሣ። የቀረው የብሪታንያ መንግሥት በየስድስት ወሩ ለፓርላማው የሚያቀርበው ሪፖርት ነው።

በ2017፣ ርክክቡ ሃያ ዓመት በሞላበት ሰሞን፣ የቻይና ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቃል አቀባይ የጋራ መግለጫው የታሪክ ሰነድ እንደሆነና ከእንግዲህ ተጨባጭ ትርጉም እንደሌለው ተናገሩ። ለንደን ውሉ የጸና ነው ብላ መለሰች። በጁን 2020 ቤጂንግ ለሆንግ ኮንግ የብሔራዊ ደኅንነት ሕግ ስታወጣ ብሪታንያ የጋራ መግለጫው ተጥሷል አለች፤ ቻይና ጉዳዩ የውስጥ ጉዳዬ ነው አለች። ክርክሩን የሚሰማ ዳኛ ስለሌለ ለንደን የወሰደችው እርምጃ በእጇ ወዳለው ወደ ዜግነቱ የዞረ ነው፦ ከጃንዋሪ 2021 መጨረሻ ጀምሮ፣ ያንን የጉዞ ብቻ የነበረ ፓስፖርት የያዙ ሰዎች በብሪታንያ የሚኖሩበትና ቆይተው ዜግነት የሚያገኙበት ቪዛ ከፈተች። በ1984 በማስታወሻ የታለፈው ጉዳይ ነው፤ ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ ቤተሰቦች ሻንጣቸውን ይዘው የወጡበት በር እሱ ሆነ።